የተቀረቀረው የሩጫ ሜዳ

ሟቹ ግንባሩን በአሮጌው ኪቦርድ ላይ ደፍቶ፣ ሁለት እጆቹን በወንበሩ ግራና ቀኝ አንጠልጥሎ ነበር። ላየው ሰው ጨዋታ ሰልችቶት ያሸለበ ይመስላል። ከፊቱ ያለው ትንሽ ቴሌቪዥን ግን እንደበራ ነው። በሰማያዊ ሜዳ ላይ አራት ድንክዬ ሯጮች መነሻው መስመር ጋ አጎንብሰው የሚያስሮጣቸውን ሰው ይጠብቃሉ።

ኢንስፔክተር አሚራ ሁሴኖ ደጃፉ ላይ ቆማ ክፍሉን በዓይኗ ዞረችው። ለመዞርም ጊዜ አልፈጀባትም። ጠረጴዛ፣ ወንበር፣ አንድ መደርደሪያ፣ ወለሉ ላይ አመድ የሞላ የከሰል ምድጃ፤ ይኸው ነው። በአንድ ወቅት መስኮት የነበረበት ቦታ በብሎኬት ተደፍኗል። የነሐሴ ዝናብ ቆርቆሮውን ሲደበድበው ጠባቧ ክፍል እንደ ከበሮ ታስተጋባለች። አሚራ ገና ከመግባቷ ውጪ ውጪ አላት።

«ከሰል ነው» አለ ከኋላዋ የቆመው ሳጅን ሣህሌ። «በር ዘግተው ይሞቃሉ፣ ከዚያ በዚያው ያሸልባሉ። እኔ እንደማስበው እዚህ የሚመረመር ነገር የለም።»

«ሊሆን ይችላል» አለች አሚራ። ጎንበስ ብላ የሟቹን ግራ እጅ በቀስታ አነሳች። ከትንሿ ጣት በታች ያለው የጡጫው ጠርዝ አብጦ ጠቁሯል። ቀኙም እንዲሁ። የጣቶቹ ጫፎች ግን ንጹሕ ናቸው። «ደግሞስ በዚህ ብርድ በሸሚዝ ብቻ? ኮት አልነበራቸውም?»

የመለሰችላት የሟቹ ልጅ ሰሎሜ ናት። ሁሩታ ታስተምራለች። ጠዋት ለአንድ ጉዳይ ወደዚያው ሄዳ ሚኒባሱ በዝናብ ዘግይቶባት አመሻሽ ላይ ስትመለስ አባቷን ያገኘችው እሷ ነበረች። ነጠላዋን በአፏ ላይ ይዛ ከበሩ ውጪ ቆማለች።

«አባዬ ያለ ኮት? ክረምት ከገባ አውልቆት አያውቅም። ጥቁር ሰማያዊ የሱፍ ኮት ነው።»

አሚራ ሣህሌን ቀና ብላ አየችው። እሱም ሳይጠይቅ ኮቱን ሊፈልግ ወደ ግቢው ወጣ።

የሟቹ የሀብተ ማርያም ቤት አሰላ ውስጥ ካሉት አሮጌ ቤቶች አንዱ ነው። ዋናው ቤትና ከኋላው ያለችው ይህቺ ክፍል አንድ ግድግዳ ይጋራሉ። ከአንዱ ወደ ሌላው የሚያደርሰው መተላለፊያም ሲሚንቶ የፈሰሰበትና ቆርቆሮ የለበሰ ነው። አሚራ በሩን መረመረች። ወፍራም ጣውላ ነው። ከውጪ በኩል የክንድ ውፍረት ያለው የብረት መቀርቀሪያ አለው፤ ከውስጥ ግን ምንም የለውም። ዝገት የበላው ብረት አንድ ቦታ ላይ አዲስ ተፍቆ ያብለጨልጫል።

«ክፍል ከውጪ የሚቀረቀረው ለምንድን ነው?»

«አያቴ ነው ያስገጠመው፣ በደርግ ጊዜ» አለች ሰሎሜ። «ታሪኩን ጋሼ ከዲሮ ይነግሩሻል። ሳሎን ናቸው፤ ሦስቱም የአባዬ እንግዶች።»

«ስለዚህ አሮጌ ኮምፒውተር ግን አንቺ ንገሪኝ።»

ሰሎሜ ኮምፒውተሩን ላለማየት ፊቷን ዞር አደረገች። አያቷ የአንድ እርሻ ፕሮጀክት ዕቃ ግምጃ ቤት ጠባቂ ነበር። ፈረንጆቹ ሲሄዱ ማሽኑን ለማስታወሻ ብለው ትተውለት ሄዱ። ውስጡ ያለው አንድ ጨዋታ ብቻ ነው፤ የሩጫ ጨዋታ። ሁለት ቁልፎችን እያፈራረቁ በፍጥነት መምታት ነው፤ ፈጥኖ የመታ ሯጩ ይቀድምለታል። ሀብተ ማርያም ከሁለት ዓመት በፊት ማሽኑን ከኮርኒስ ላይ አቧራ ለብሶ አገኘውና አዲስ አበባ ድረስ እየተመላለሰ አስጠገነው።

«የበራ ዕለት አለቀሰ» አለች። «ትልቅ ሰው፣ ጢሙ የሸበተ ሰው፣ ‹ይኸው አረንጓዴው፣ ይኸው አረንጓዴው› እያለ አለቀሰ። ጓደኞቹን ዛሬ ጠርቶ ሊያሳያቸው ነበር። ጠዋት ስወጣ ደግሞ ‹ዛሬ አንድ ሰው ከዚያ ክፍል ይወጣል› አለኝ። ማን? ስለው ወደ ክፍሉ ገባ።»

አሚራ ከመደርደሪያው ላይ ፊቱ መስታወት የሆነ ባዶ ሣጥን አነሳች። «ይህስ?»

«የካሴቱ ነው። ጨዋታው በፊት የሚጫነው በካሴት ነበር። ክሩ ስላረጀ ከተበጠሰ ሌላ የለም ብሎ ወደ ሚሞሪ ካርድ አስገለበጠው። ከዚያ ወዲህ የሚጫወተው በዚያች ትንሽ ጥቁር ዕቃ ነው። ካሴቱን እኔንም አያስነካኝም።»

ጥቁሯ ዕቃ ሽቦዋ ተነቅሎ ከጠረጴዛው በስተኋላ ተንጠልጥላለች። በቦታዋ የተሰካው የአሮጌ ቴፕ ሽቦ ነው። አሚራ የቴፑን ክዳን ከፈተች። ካሴቱ ውስጥ አለ።

«መብራት ሲጠፋስ ማሽኑ ምን ይሆናል?»

«ሁሉንም ይረሳል። ሲመጣ እንደገና መጫን ነው። በካርዱ ወዲያው ነው። በካሴት ከሆነ ግን ያፏጫል፣ ይንጫጫል፣ ቆመሽ መጠበቅ ነው።»

አሚራ ራሷን ነቀነቀች። የዚያን ቀን ከምሳ በኋላ የአሰላ መብራት ጠፍቶ ነበር። እሷም ጣቢያ ሆና ወንበሯን ወደ መስኮቱ አስጠግታ ስትሠራ ነው የዋለችው። መብራቱ የመጣው ጥሪው ከመድረሱ ትንሽ ቀደም ብሎ ነበር።

ከዲሮ የሳጉሬ እህል ነጋዴ ነው። አንድ እግሩ ስለማይታጠፍለት ከዘራውን ተደግፎ ይሄዳል። አሚራ ስትገባ ሊነሳ ሞከረ፤ በእጇ ከለከለችው።

«አካም ጅርቱ?» ብላ በኦሮምኛ ደኅንነቱን ጠየቀችው።

«ነጋ፣ ሰላም ነው፣ ኢንተላ ኮ፣ ልጄ። ሰላምስ የት አለ ብለሽ ነው እንጂ።» ዓይኑ ቀልቷል። «ስለ ክፍሏ ነው የምትጠይቂኝ?»

«አዎ። መቀርቀሪያው ለምን ከውጪ ሆነ?»

ከዲሮ ከዘራውን በጉልበቶቹ መካከል አቆመና ተረከ። አራት ጓደኛሞች ነበሩ፤ ሀብተ ማርያም፣ ዕዝራ፣ እሱና በእውቀቱ። የአፈሳ ጊዜ ነው። ከመንገድ፣ ከገበያ፣ ከትምህርት ቤት ደጃፍ ልጅ ተይዞ ወደ ጦር ሜዳ ይላካል። የሀብተ ማርያም አባት መስኮቱን በብሎኬት ደፈነና በሩን ከውጪ እንዲቀረቀር አደረገው። ከውጪ የተቀረቀረ ክፍል ሰው አለበት ብሎ ማን ይጠረጥራል? ፈላጊ ሲመጣ ልጆቹ ይገባሉ፣ አባትየው ቀርቅሮባቸው ወደ ሥራው ይሄዳል፤ እነሱም እስኪከፈትላቸው ድረስ ይሮጣሉ።

«በጣታችን ነዋ!» አለ ከዲሮ፤ ፈገግታ ፊቱ ላይ ብልጭ ብሎ ጠፋ። «ድምፁን ዘግተን፣ ከኪቦርዱ ሥር ጋቢ አጥፈን። ምክንያቱም ያ ጨዋታ ሲመታ ጠረጴዛውም ግድግዳውም ይናወጣል። ወላሂ፣ የታሰርን አይመስለንም ነበር። ስታዲየም ያለን ነው የሚመስለን። አረንጓዴው ሯጭ የበእውቀቱ ነበር። እሱ በእግሩም ቢሆን የሚቀድመው አልነበረም። በሜዳ ሲሮጥ ባየሽው!»

«ከዚያስ?»

«አንድ ቀን ብቻውን ውስጥ ሳለ መጡ። ግቢውን አልፈተሹም፣ ቤቱን አልጠየቁም። ቀጥታ ወደዚያች በር። ከሄደ አልተመለሰም።»

«ማን ጠቆመ?»

«አላህ ያውቃል። እኔ ሳጉሬ አክስቴ ዘንድ ነበርኩ። የበእውቀቱ እህት ማሚቱ ኋላ ዕዝራን አገባች፣ እኛም ስንቀባበር ስንዳዳር እዚህ ደረስን። ዛሬ ምሳ ላይ ሀብቴን ‹ያንን ማሽን አቃጥለው፣ የልጁ መቃብር ነው› ብዬው ተጨቃጭቀናል። ይህንንም ከሌላ ከምትሰሚው እኔው ልንገርሽ።»

«ከምሳ በኋላ የት ነበሩ?»

«እዚሁ ሶፋ ላይ እንቅልፍ ጣለኝ።»

«በቅርቡ አቶ ሀብተ ማርያም ላይ ያዩት ለውጥ አለ?»

ከዲሮ አሰበ። «ባለፈው ሳምንት ለቅሶ ብሎ ኦጎልቾ ሄዶ ነበር። እዚያ ሀሰኖ የሚባል ሽማግሌ አለ፤ ያኔ የቀበሌ ጥበቃ የነበረ። እሱን አግኝቶት ተመለሰ። ከዚያ ወዲህ ስደውልለት ‹እሁድ ና፣ እሁድ› ከማለት በቀር አያወራኝም።»

አሚራ የኦጎልቾ ልጅ ናት። ወደ በረንዳው ወጥታ ስልክ ደወለች፤ ሽማግሌውን ስልክ ላይ እስኪያመጡላት ጠብቃ ረጅም ጊዜ በኦሮምኛ አወራች። ስትመለስ ፊቷ ላይ የሚነበብ ነገር አልነበረም።

ማሚቱ ወጥ ቤት ሆና ለለቅሶው የሚመጣውን ሰው መቀበያ ታሰናዳለች። ዝምተኛ፣ ቀጥ ያለች ሴት ናት። እጇን በመቀነቷ ጠርጋ ተቀመጠች።

«ከምሳ በኋላ ምን አደረጉ፣ እትዬ ማሚቱ?»

«ሀብቴ ‹ክፍሉን ላሰናዳና እጠራችኋለሁ› ብሎ ሄደ። ዕዝራም ምድጃውን ይዞለት ሄዶ ተመለሰ። ከዲሮ ተኛ። እኛ ሻይ እየጠጣን ተቀመጥን። ዝናቡ አያነጋግርም ነበር።»

«ከክፍሉ የሰማችሁት ነገር አለ?»

«ድብደባው ነው። ደም፣ ደም፣ ደም። ምንድን ነው ብዬ ዕዝራን ጠየቅሁት። ‹ሀብቴ እየሮጠ ነው› አለኝ።» ማሚቱ እጆቿን ተመለከተች። «ልጅ ሆኜ ወንዶቹ እዚያ አያስገቡኝም ነበር። ውጪ ሆኜ በግድግዳው ነበር የምሰማቸው። ስሰማው ወንድሜ ትዝ አለኝና ሆዴ ባባ። ከዚያ ቆመ። ደከመው ብዬ...»

«የቆመው መብራት ሲመጣ ነው ወይስ ከዚያ በፊት?»

«መብራት ጠፍቶ ነበር እንዴ? በቀን ማን ያስተውለዋል፣ ልጄ? ብቻ ከቆመ በኋላ ቆይቶ የጎረቤቱ ወፍጮ ሲነሳ ሰምቻለሁ። ያን ጊዜ ዕዝራ የስልክ ካርድ ልግዛ ብሎ ወጣ። ቆየም።»

«ጭቃ ይዞ ገባ?»

ጥያቄው አስገረማት። «አልያዘም። ወለሉን ሰሎሜ ትናንት አጥባዋለች ብዬ ጫማውን አይቼዋለሁ። ደረቅ ነበር።»

ዕዝራ መድኃኒት ቤት አለው። በከተማው የተከበረ፣ የተጣላ የሚያስታርቅ፣ መነጽሩን በመሐረብ እየጠረገ ረጋ ብሎ የሚናገር ሰው ነው።

«አደጋ ነው፣ ኢንስፔክተር። በሩን ክፍት አድርግ ብዬዋለሁ። የከሰል ጢስ ሽታ የለውም፤ ሰው ሳያውቀው ነው የሚይዘው።»

«ገብተው አይተውታል ክፍሉን?»

«ምድጃውን እስከ በሩ አደረስኩለት እንጂ አልገባሁም። ያንን ማሽን ከልጅነቴ ወዲህ አላየሁትም።»

«እጃቸው አብጧል።»

«ያ ጨዋታ እንደዚያ ነው። የሮጥን ቀን ማታ እንጀራ መቁረስ ያቅተን ነበር» ብሎ በሐዘን ፈገግ አለ። «አሁን ማሚቱን ወደ ቤት ልውሰዳት? ሱቅም ነገ ማለዳ እከፍታለሁ።»

«ለቅሶ ቤት አይደል? ሰሎሜን ብቻዋን አትተዉአትም» አለች አሚራ። «ነገ እስክመለስ ሦስታችሁም እዚሁ ሁኑ። ሣህሌ በር ላይ አለ።»

አስከሬኑ ለምርመራ ተወሰደ። ዝናቡ ሌሊቱንም አላባራም። ጎረቤቱ እየመጣ አልቅሶ ሲሄድ ሦስቱ እንግዶች ግድግዳ ተደግፈው እንደተቀመጡ ነጋ።

ማለዳ ላይ ሐኪሙ ለአሚራ ደወለላት። የገደለው የከሰል ጢስ ነው። የሞተው ደግሞ ሰሎሜ ካገኘችው ከረጅም ሰዓት በፊት ነው፤ በእሱ ግምት መብራት ከመምጣቱ አስቀድሞ። አሚራ አመስግናው ወደ ሀብተ ማርያም ግቢ ስትደርስ ሣህሌ በመተላለፊያው ጫፍ ካለው የውኃ ሮቶ በስተኋላ ከግድግዳው ጋር ተጣብቆ የተወሸቀ ነገር ይዞ ጠበቃት። ጥቁር ሰማያዊ የሱፍ ኮት ነው። ጀርባው ተቃጥሎ የጭንቅላት ያህል ቀዳዳ ወጥቶለታል፤ አመድም ተጣብቆበታል።

«ሣህሌ፣ እኔ ክፍሉ ውስጥ እገባለሁ። አንተ ከውጪ ቀርቅርብኝና ሳሎን ሄደህ ቁም። የምትሰማውን ትነግረኛለህ። እስክትመለስ ማንም እንዳይከፍት።»

«ኢንስፔክተር፣ ደግሞ ምን...»

«ቀርቅረው።»

ብረቱ ሲገባ የሰማችው ድምፅ ከጠበቀችው በላይ ከባድ ነበር። መብራቱን አጠፋችው። ጨለማው ወዲያው ፊቷ ላይ ተለጠፈ። ከላይ ዝናቡ ቆርቆሮውን ይቀጠቅጣል። «ሣህሌ!» ብላ ጮኸች፤ የገዛ ድምፅዋ ለራሷም እምብዛም አልተሰማትም። በመዳፏ በሩን መታችው፤ ጣውላው ድምፁን ዋጠው። ያን ጊዜ ሳታስበው እጇን ጨብጣ በጡጫዋ ጠርዝ ትደበድብ ጀመር። ደም፣ ደም፣ ደም። መጀመሪያ ለሙከራ ነበር። ትንሽ ቆይቶ ግን ልቧ መፍጠን ያዘ፣ አየሩ ያነሰ መሰላት፣ ምድጃው ባዶ እንደሆነ እያወቀች ወለሉን በእግሯ ትዳብስ ጀመር። ሣህሌ ሲከፍትላት ላብ በግንባሯ ወርዷል።

«ጩኸት የሚባል አልሰማሁም» አለ ፊቷን እያየ። «ድብደባው ግን በግድግዳው በኩል ጥርት ብሎ ይሰማል። ምን ሆነሻል?»

አሚራ እጆቿን ገልብጣ አየቻቸው። ከትንሿ ጣት በታች ያለው ጠርዝ ቀልቷል።

«ሁሉንም ሳሎን ሰብስብልኝ» አለች።

ሰሎሜ በአልጋ ልብስ ተጠቅልላ ጥግ ይዛለች። ከዲሮ ከዘራውን ጨብጧል። ማሚቱና ዕዝራ አንድ ሶፋ ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠዋል። ሣህሌ በሩን ይዞ ቆመ። አሚራ አልተቀመጠችም።

«አቶ ሀብተ ማርያም ሲሮጡ አልሞቱም» ብላ ጀመረች። «በዚያ ጨዋታ ቁልፍ የሚመታው በጣት ጫፍ ነው። እጃቸው የተጎዳው ግን እዚህ ጋ ነው፤ ዛሬ እኔም ሞክሬ አይቼዋለሁ። ሰው እዚህ ጋ የሚያመው በር ሲደበድብ ነው።»

«የተዘጋ በር?» አለ ከዲሮ።

«የተቀረቀረ በር። መቀርቀሪያው ከውጪ ነው፤ ዝገቱ አዲስ ተፍቋል። ሰውየው ጢሱ ሲይዛቸው ከሰሉን ሊያጠፉ ኮታቸውን አውልቀው ጣሉበት። ውኃ የለም፣ መስኮት የለም። ኮቱ ተቃጠለ። ዛሬ ከሮቶው ኋላ አግኝተነዋል። የሞተ ሰው ኮቱን አይደብቅም። ስለዚህ ከሞቱ በኋላ አንድ ሰው ገብቷል፤ ኮቱን አንስቷል፣ እሳቸውንም ከበሩ ሥር ጎትቶ ወንበር ላይ አስቀምጧል።»

ሰሎሜ በእጇ አፏን ያዘች።

«ትናንት ከምሳ በኋላ በመላው አሰላ መብራት አልነበረም» ስትል አሚራ ቀጠለች። «ያ ማሽን መብራት ሲጠፋ ሁሉን ይረሳል። ሰሎሜ ስትገባ ግን ሯጮቹ መነሻው ላይ ቆመው ነበር። ሐኪሙ እንዳለው አባቷ የሞቱት መብራቱ ከመምጣቱ በፊት ነው። ታዲያ ጨዋታውን ማን ጫነው? የጫነውስ በምን ነው? በካሴት። ጥቁሯን ዕቃ ነቅሎ፣ ካሴቱን ከመስታወቱ ሣጥን አውጥቶ። አቶ ሀብተ ማርያም ካሴቱን መንካት ካቆሙ ቆይተዋል። ይህንን ያደረገው የአሁኑን አጫጫን የማያውቅ፣ የድሮውን ግን ያልረሳ ሰው ነው። ከልጅነት ጓደኞች አንዱ።»

«እኔ ከዚህ ሶፋ አልተነሳሁም» አለ ከዲሮ።

«አልተነሱም። እትዬ ማሚቱ አጠገብዎ ነበሩ። እሳቸውም አልተነሱም፤ ክፍሉም ውስጥ ከዚያ በፊት ገብተው አያውቁም። መብራቱ ሲመጣና የወፍጮው ሞተር ሲነሳ የወጡት አቶ ዕዝራ ብቻ ናቸው። ካርድ ልግዛ ብለው። በዚያ ዝናብ ሱቅ ደርሰው በደረቅ ጫማ ተመለሱ። ደረቅ ጫማ ያስቀረላቸው መንገድ አንድ ነው፤ ቆርቆሮ የለበሰው የክፍሉ መተላለፊያ።»

ዕዝራ መነጽሩን አወለቀ። መሐረቡን ግን አላወጣም። «ኢንስፔክተር፣ ይህ ሁሉ ግምት ነው። ማሽኑን እኔ ለምን አበራለሁ? ምን ሊጠቅመኝ?»

«ለባለቤትዎ አንድ ነገር ነግረዋት ስለነበር ነው» አለች አሚራ። ወደ ማሚቱ ዞር ስትል ድምፅዋ ዝቅ አለ። «እትዬ ማሚቱ፣ ድብደባውን ሰምተው ሲጠይቁ ‹ሀብቴ እየሮጠ ነው› አሉዎት። ሯጮቹ ግን አልነበሩም። መብራት አልነበረም። ቴሌቪዥኑ ጨለማ ነበር። ታዲያ ሰውየው ይደበድቡ የነበረው ምን ነበር?»

ማሚቱ ቀስ ብላ ወደ ባሏ ዞረች። ከዚያ ደግሞ ከሶፋው ጀርባ ወዳለው ግድግዳ ተመለከተች።

«እኔ ሻይ እየቀዳሁ ነበር» አለች። «እሱ እየደበደበ እኔ ሻይ እቀዳ ነበር።»

«እርስዎ አላወቁም። አቶ ዕዝራ ግን ያውቁ ነበር። ሰው ሲያገኛቸው ቃላቸው እውነት እንዲመስል ጨዋታው በርቶ መታየት ነበረበት። ለዚህ ነው የጫኑት።»

«ለምን?» አለ ከዲሮ። «ዕዝራ፣ ሀብቴ ምን አደረገህ?»

አሚራ መልሱን ለዕዝራ ተወችለት። እሱ ግን መነጽሩን መልሶ አደረገ። «ትናንት ከኦጎልቾ ሰው አነጋገርኩ» አለች በመጨረሻ። «አቶ ሀሰኖን። ያን ቀን በዚህ ግቢ ከመጡት አንዱ ነበሩ። መንገዱን ያሳየን መነጽር ያለው ቀጭን ልጅ ነው፤ ዛሬ አሰላ መድኃኒት ይሸጣል አሉኝ። ለአቶ ሀብተ ማርያምም ይህንኑ ነግረዋቸው ነበር።»

ዕዝራ መናገር ሲጀምር የሚያየው ወለሉን ነበር።

«ልገድለው አልነበረም። ምድጃውን አስገብቼ ልወጣ ስል በሩን ዘጋና ‹ዛሬ ሳይመሽ አንተው ንገራት፤ ካልነገርካት እኔ እነግራታለሁ› አለኝ። አለቀስኩለት። ‹ይህን ሁሉ ዓመት እዚህ ክፍል ውስጥ ነህ፣ ውጣ› አለኝ። ወጣሁና ቀረቀርኩበት። የፈለግሁት ማሰቢያ ጊዜ ብቻ ነበር። ከዚያ መጥቼ ተቀመጥኩ።»

«ከሰሉ ምን እንደሚያደርግ ያውቃሉ» አለች አሚራ።

«አውቃለሁ። በየክረምቱ ለሰው የማስጠነቅቀው እኔ ነኝ። አሁን እነሳለሁ፣ አሁን እነሳለሁ እላለሁ። እግሬ እንቢ አለኝ። ብከፍትለት ይነግራታል። ባልከፍትለት... ከዚያ ድምፁ ቆመ። ሲቆም ቀለለኝ። ፈጣሪ ይይልኝ፣ ቀለለኝ።»

ማሚቱ ከሶፋው ተነስታ ከፊቱ ቆመች። አላለቀሰችም።

«ወንድሜንስ?»

«ገበያ ዳር ያዙኝ፣ ማሚቱ። የአሥራ ሰባት ዓመት ልጅ ነበርኩ። አንድ ጠንካራ ልጅ ካሳየህ እንለቅሃለን አሉኝ። በሩ ጋ ስንደርስ ኮቴዬን ለየው። ከውስጥ ሆኖ ‹ዕዝራ ነህ?› አለ።»

«አንተስ ምን አልከው?»

ዕዝራ አንገቱን ደፋ።

«‹አዎ፣ እኔ ነኝ፤ አትፍራ› አልኩት።»

ከዲሮ ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ። ማሚቱ ሳትንቀሳቀስ ቆመች። እናቷ እስክትሞት ድረስ የበእውቀቱን ድርሻ ከገበታው ላይ እያነሳች ስታስቀምጥለት ሳህኑን ከእጇ የሚቀበላት ዕዝራ ነበር። አሚራ ይህንን አታውቅም፤ የምታየው የማሚቱን ቀጥ ያለ ጀርባ ብቻ ነው።

ሣህሌ ዕዝራን ክንዱን ይዞ አስነሳው። በበሩ ሲያልፍ ዕዝራ ወደ ሚስቱ ዞሮ ሊናገር ሞከረ።

«ኪሱን ፈትሹልኝ» አለች ማሚቱ ለአሚራ። «የቤቴ ቁልፍ አለ። ተቀበይልኝ።»

አሚራ ከዕዝራ የኮት ኪስ ቁልፉን አውጥታ በማሚቱ መዳፍ ላይ አኖረችው። ሰሎሜ መጥታ እጇን በማሚቱ ትከሻ ዙሪያ አደረገች፤ ሁለቱም ተያይዘው ተቀመጡ። ግቢው ውስጥ የፖሊስ መኪናው ሞተር ተነሳ።

ቆየት ብላ ማሚቱ ነጠላዋን አስተካክላ ስትነሳ አሚራ ተከተለቻት።

«እትዬ ማሚቱ፣ የት ላድርስዎ? ከዘመድ ዘንድ ቢያድሩ አይሻልም? ዛሬ እዚያ ቤት ብቻዎን...»

«የት እሄዳለሁ፣ ልጄ? ወደ ቤቴ ነው እንጂ» አለች። ዝናቡ ወደ ካፊያ ተቀይሯል። «ቤቱን የሠራው አባቴ ነው። የማይገባበት እሱ ነው።»

ጃንጥላውን ዘርግታ በጭቃው መሐል መንገዷን እየመረጠች፣ ወደ ገበያው በሚወስደው ዳገት ብቻዋን ሄደች።